ወደ ሳጥኑ ያልተመለሰው ደብዳቤ

በባሕር ዳሩ አማተር የቲያትር ክበብ ውስጥ የማይሻር አንድ ሕግ ነበረ። ተዋናይ በመድረክ ላይ የያዘውን ዕቃ፣ ትዕይንቱ እንዳበቃ፣ ከመጋረጃው ጀርባ ወዳለው አረንጓዴ የእንጨት ሳጥን በገዛ እጁ ይመልሳል። ባርኔጣም ይሁን፣ ማንኪያም ይሁን፣ የተጣጠፈ ወረቀትም ይሁን ልዩነት የለውም። ሕጉን ያወጡት አዘጋጇ እትዬ የሺአረግ ናቸው። ዐምና አንድ ተዋናይ የመድረኩን ሐኪም መነጽር በኪሱ እንደ ያዘ ወደ ወረታ ሄዶ፣ በማግሥቱ ሐኪሙ በሽተኛውን በጨለማ ሲዳብስ ዋለ። ከዚያ ቀን ወዲህ እትዬ የሺአረግ ከልምምድ በኋላ የሳጥኑን ዕቃ አንድ በአንድ ሳይቆጥሩ ማንንም ወደ ቤቱ አያሰናብቱም።

ከሕጉ አክባሪዎች ሁሉ የበረታችው ርሆቦት ነበረች። የሃያ አራት ዓመት ወጣት ናት፤ ከክፍሏ አንደኛ ወጥታ ተመርቃ፣ በተማረችበት ዩኒቨርሲቲ ረዳት መምህርት ሆና ከቀረች ሁለተኛ ዓመቷን ይዛለች። የምታስተምረው ሒሳብ ነው። ወደ ክበቡ የመጣችው ግን፣ ሰው በአንድ አዳራሽ ተሰብስቦ በአንድ ጊዜ መሳቁ ለአንዲት ከተማ እንደ ውኃና እንደ መብራት ያስፈልጋል ብላ ከልቧ ስለምታምን ነው። ይህን እምነቷን ለክበቡ አባላት በነገረቻቸው ዕለት፣ ባጃጅ ነጂው ጋሽ ገድሉ፣ «እንግዲያው ሳቁም እንደ መብራቱ እንዳይጠፋብን እንጸልይ» ብለው ሁሉንም አስቀዋል።

ይዘው የተነሡት ተውኔት «አማች በቁምሳጥን» የሚባል ነው። ከመቶ ዓመት በፊት በባሕር ማዶ የተጻፈውን አሮጌ ኮሜዲ እትዬ የሺአረግ ራሳቸው ወደ አማርኛ መለሱት፤ ባለጸጋውን አባት የሐሙሲት ቅቤ ነጋዴ አደረጉት፤ ልጅቱንም ባሕር ዳር አምጥተው አስቀመጧት። ነጋዴው ጋሽ ገድሉ ናቸው። ልጃቸው ርሆቦት ናት። በቁምሳጥን የሚደበቀው አፍቃሪ ቃለ ሕይወት የሚባል የፋርማሲ ተማሪ ነው። ሦስት በሮች፣ አንድ ቁምሳጥንና አንድ የፍቅር ደብዳቤ አሉ፤ የቀረው ሁሉ ሩጫ ነው።

«ኮሜዲ ቀልድ አይደለም!» ይላሉ እትዬ የሺአረግ፣ አንዱ ተዋናይ በገዛ ንግግሩ ሲስቅ ባዩ ቁጥር። «ሳቁን ለተመልካቹ ተዉለት። አንተ የተቃጠለ አባት ነህ፤ ተቃጠል!»

በሮቹንና ቁምሳጥኑን የሠራው፣ ሳጥኑንም የሚጠብቀው ኪዳነ ወልድ ነው። በፋሲሎ ክፍለ ከተማ አነስተኛ የእንጨት ሥራ ቤት አለው። ቁመቱ ረዘም ያለ፣ ንግግሩ ቁጥብ፣ የሚጽፈው ጽሕፈት ግን ብራና ላይ ያረፈ የሚመስል ነው። በኮሜዲ ውስጥ ዘግይቶ የተከፈተ በር ሙሉውን ሳቅ ይገድላል ስለተባለ፣ እያንዳንዱን በር ሃምሳ ሃምሳ ጊዜ ከፍቶና ዘግቶ ካልፈተነ ለተዋናይ አያስረክብም። ርሆቦት ይህን ጥንቃቄውን አይታ ነው የወደደችው። ለማንም ግን አልተናገረችም፤ ለእርሱም።

የቅዳሜው ልምምድ የመጨረሻው ነበር። ርሆቦት በመጀመሪያው ክፍል እንደ ወትሮው ወደ መድረኩ መሐል ወጣች፣ የአፍቃሪዋን ደብዳቤ ዘረጋች፣ ዓይኗን ከአዳራሹ ኋላ ካለው መስኮት ላይ ተክላ ቃሉን አንበለበለችው። ይህን ያስተማሯት እትዬ የሺአረግ ናቸው። «ዓይንሽን ወረቀቱ ላይ ከደፋሽ፣ ተመልካች ፊትሽን ሳይሆን መሐል አናትሽን ነው የሚያየው» ብለዋት ነበር። ርሆቦትም አንድ ጊዜ የተነገራትን ሁለት ጊዜ የምታስነግር አይደለችም። የመሪጌታ ልጅ ናት፤ ዳዊትን ገና በሰባት ዓመቷ በቃሏ ደግማለች። በዐሥሩም ልምምድ ወረቀቱን ዝቅ ብላ አንድ ጊዜ እንኳ አላየችውም። ደብዳቤው በመጨረሻው ክፍል በነጋዴው እጅ የሚቀደድ ቢሆንም፣ በልምምድ ጊዜ ጋሽ ገድሉ የቀደዱ ብቻ እየመሰሉ ይመልሱላታል፤ እርሷም አጣጥፋ ወደ ሳጥኑ ትመልሰዋለች።

በዚህም ቀን መለሰችው። ኪዳነ ወልድ በሳጥኑ አጠገብ ቆሞ ነበር።

«ወረቀቱን መለሱት?» አላት።

«መለስሁት። መቼ ሳልመልስ ቀርቼ አውቃለሁ?»

ኪዳነ ወልድ ወደ ሳጥኑ ተመለከተ። «እውነትዎን ነው» አለ። «አንድም ቀን ሳይመልሱ ቀርተው አያውቁም።»

ያችው «እርስዎ» ነች ርሆቦትን ያቆሰለቻት። ልምምዱ ሲጀመር «አንቺ» ነበር የሚላት፤ ከልጅነታቸው ጀምሮ የሚተዋወቁ ናቸውና። በሁለተኛው ሳምንት ግን በድንገት «እርስዎ» አላት፤ ከዚያ ወዲያ አልተመለሰም። ርሆቦት የሠራችውን ስሕተት እንደ ፈተና ወረቀት ደጋግማ መረመረች። ምን ተናገረች? ማንን ናቀች? ያገኘችው አንዳች ነገር አልነበረም፤ ስሕተቱን ያላገኘችበት የመጀመሪያው ፈተናም ይህ ነበረ።

ጋሽ ገድሉ የነጋዴውን ካባ እያወለቁ ጣልቃ ገቡ። «እኔ የምለው ኪዳነ፣ የሰኞ ማለዳውን ትኬት እውነት ቆርጠሃል? አዲስ አበባ ገብተህ ለትልቅ ሰው ቁምሳጥን ስትሠራ እኛን አትረሳማ።»

«ማክሰኞ ይጠብቁኛል፤ ጋሽ ገድሉ» አለ ኪዳነ ወልድ። «ትልቅ የሥራ ቤት ነው። በቋሚነት ነው የቀጠሩኝ።»

ርሆቦት የሻርፗን ጫፍ በጣቷ ጠቀለለች፣ ፈታች፣ ደግማ ጠቀለለች። «እንኳን ደስ ያለህ» ማለት ይገባ ነበር። አለችም። ድምፅዋ ግን በመድረክ ላይ ከምታወጣው ድምፅ ይልቅ የተጠና ይመስል ነበር፤ እርሱም ራሱን ዝቅ አድርጎ አመሰገናት፤ እንደ እንግዳ።

*

አባቷ መሪጌታ ወልደ ጻድቅ ከሰባታሚት ወዲያ ባለችው ደብር ቅኔ ያስተምራሉ። እሑድ ከቅዳሴ መልስ፣ አባትና ልጅ በጎጇቸው በረንዳ ላይ ዳቦ ቆርሰው ተቀመጡ።

«ዛሬ ነው ቧልታችሁ?» አሉ።

«ኮሜዲ ነው አባዬ።»

«በምን ይለያል?»

«ቧልት ሌላውን ሰው ያሳንሳል። ኮሜዲ ግን ሰው የራሱን ሞኝነት በሌላው ላይ አይቶ ያለ እፍረት እንዲስቅበት ያደርጋል። ራሱን የሳቀበት ሰው ደግሞ ይታረማል።»

መሪጌታ ፈገግታቸውን በጢማቸው ውስጥ ደበቁ። «ከማን ሰማሽው?»

«ራሴ አስቤው ነው» አለች ርሆቦት። ከዳቦው ቁራሽ ቆርሳ አቀበለቻቸው። «በሮቹን የሠራው ኪዳነ ወልድ ነው። ነገ ወደ አዲስ አበባ ይሄዳል።»

ወደ አፋቸው ሊወስዱት የነበረው ቁራሽ በእጃቸው ላይ ቀረ። «ያ ልጅ» አሉ በዝግታ፣ «መሄድ ያውቅበታል።»

ኪዳነ ወልድ ከሰባት ዓመት በፊት የእርሳቸው ተማሪ ነበር። አራት ዓመት በጉባኤያቸው ቅኔ ተምሯል፤ ከተማሪዎቹ ሁሉ ብሩሁም እርሱ ነበር። ተማሪ ከመምህሩ ዘንድ ሲለይ፣ እግር ስሞ፣ ፈቃድ ጠይቆ፣ ተመርቆ ነው የሚወጣው፤ ይህ ስንብት ይባላል። ኪዳነ ወልድ ግን አንድ ማለዳ ለማንም ሳይናገር ጎጆውን ባዶ ትቶ ጠፋ። መሪጌታ ከዚያን ቀን ወዲህ ስሙን በአፋቸው ጠርተው አያውቁም። እርሱም ከሩቅ ሲመጡ ሲያያቸው መንገድ ይቀይራል፤ እርሳቸውም እንዳላዩ ያልፋሉ።

«አይመጡም አባዬ? ስምንት ሰዓት ነው የሚጀመረው፤ ሰው በጊዜ ወደ ቤቱ እንዲገባ ተብሎ።»

«እኔ? ጥምጥሜን አድርጌ ቲያትር ቤት? የደብሩ ሰው ምን ይለኛል?»

ርሆቦት የዳቦውን ፍርፋሪ ሰበሰበች። የእርሷ ጭንቀት የደብሩ ሰው አልነበረም። አባቷ በኪዳነ ወልድ ላይ የዘጉት በር በቲያትሩ ደጅ ይከፈትልኝ ብላ ስትመኝ መኖሯ፣ ያን ማለዳ ለመጀመሪያ ጊዜ ሞኝነት መስሎ ታያት።

*

አዳራሹ ገና ሰባት ሰዓት ተኩል ሳይሞላ ጢም አለ። የክበቡ አባላት ዘመዶች፣ የዩኒቨርሲቲው ተማሪዎች፣ ከገበያ ወደዚያው ያለፉ ነጋዴዎች፣ ሕፃን ያዘሉ እናቶች በየወንበሩ ተጨናንቀዋል።

ርሆቦት ልትወጣ ስትል ኪዳነ ወልድ ደብዳቤውን ከሳጥኑ አውጥቶ ሰጣት። ጣቶቹ ወረቀቱን ወዲያው አልለቀቁትም።

«ዛሬ የመጨረሻው ነው» አለ። «ዛሬ በእውነት ይቀደዳል።»

«አውቃለሁ» አለች። ስለ ተውኔቱ መስሏት ነበር።

የመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች መልካም ሆኑ። ጋሽ ገድሉ ቅቤያቸው ንጹሕ ነው እያሉ በታቦቱ ሁሉ ሲምሉ፣ ከኋላ ወንበር አንዲት ሴት «ሆዴን! ሆዴን!» ስትል ተሰማች። ቃለ ሕይወት በግራው በር ገብቶ በቀኙ ወጣ፤ በሮቹም እንደ ሰዓት ሠሩ። ርሆቦት ወደ መድረኩ መሐል ተራመደች፣ ደብዳቤውን ዘረጋች፣ ዓይኗን ወደ መስኮቱ ላከች።

ዓይኗ ግን መስኮቱ ዘንድ አልደረሰም። በሦስተኛው ረድፍ ላይ፣ በተማሪዎች መካከል፣ ነጭ ጥምጥም ነበረ። መሪጌታ ወልደ ጻድቅ ጃንጥላቸውን በጉልበታቸው መሐል አቁመው፣ በቅኔ ጉባኤ እንደሚቀመጡት ቀጥ ብለው ተቀምጠዋል።

ቃሉ ከአእምሮዋ ጠፋ። አንድ መሥመር አልቀረም፤ ሰሌዳ እንደ ጠረጉት ባዶ ሆነ። በሕይወቷ እንዲህ ያለ ነገር ደርሶባት አያውቅም። ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ሌላ መሸሻ ስላጣች፣ ዓይኗን ዝቅ አድርጋ ወረቀቱን አየች።

*ርሆቦት፣*

*ይህን ወረቀት በተውኔቱ ደብዳቤ ቦታ ያስቀመጥሁት ፊት ለፊት መናገር ስላልደፈርሁ ነው። ከአባትሽ ጉባኤ ሳልሰናበት ወጥቻለሁ። አባቴ ሞቶ ሦስት እኅቶቼ ያለ አሳዳጊ ቀርተው ነበር። ፈቃድ ብጠይቃቸው የኔታ «ቆይ» ይሉኛል፤ «ቆይ» ካሉኝ ደግሞ እግሬ አይሄድም ብዬ ፈራሁ። ሳልናገር ሄድሁ፤ እስከ ዛሬም ያሳፍረኛል።*

*እወድሻለሁ። አንቺ መምህርት ነሽ፣ እኔ እንጨት እልጋለሁ፤ ይህን ዘንግቼ አይደለም የምጽፍልሽ። መልስሽን በቃል አልጠይቅሽም። ከወደድሽኝ ወረቀቱን ለራስሽ አስቀሪው። ካልወደድሽኝ እንደ ሌላው ዕቃ ወደ ሳጥኑ መልሺው፤ ያን ጊዜ በክብር እይዝሻለሁ እንጂ ስለዚህ ነገር ደግሜ አላነሣብሽም።*

*ኪዳነ ወልድ*

በክብር እይዝሻለሁ። «እርስዎ» የመጣችው ከዚህ ነበር።

ዐሥር ጊዜ። ርሆቦት በልቧ ቆጠረች። ዐሥር ጊዜ ይህን ወረቀት በሰው ፊት ዘርግታ ሌላ ሰው የጻፈውን ቃል አንብባበታለች። ዐሥር ጊዜ በጥንቃቄ፣ በታዛዥነት፣ ጠርዙን ከጠርዙ ገጥማ አጣጥፋ ወደ ሳጥኑ መልሳዋለች። እርሱም ዐሥር ጊዜ ቆሞ አይቷል። መልሶም ሳጥኑ ውስጥ ትቶታል፤ ምናልባት ነገ ብሎ።

አዳራሹ ውስጥ አንድ ሰው በሳቅ ፍርፍር አለ፤ ዝምታዋ የተውኔቱ ክፍል መስሎት ነው። ሳቁ ወደ ሌሎቹ ተዛመተ። ከመጋረጃው ጀርባ የእትዬ የሺአረግ ሹክሹክታ ተሰማ፦ «‹የልቤ ንግሥት ሆይ›! ርሆቦት! ‹የልቤ ንግሥት ሆይ›!»

«የልቤ ንግሥት ሆይ» አለች ርሆቦት። ቃሉም ተመለሰላት፤ እስከ መጨረሻውም አደረሰችው። ድምፅዋ ግን በመሐል ሁለት ጊዜ ተሰበረ። እትዬ የሺአረግ ከጀርባ፣ «ይህን ድምፅ ስምንት ሳምንት ሙሉ የት ደብቃው ነበር?» ሲሉ ቃለ ሕይወት ሰምቷል።

ከመድረክ እንደ ወረደች ኪዳነ ወልድን ፈለገችው። በሳጥኑ አጠገብ አልነበረም፤ የግራውን በር ሊይዝ ሄዷል። ወደ ግራ ስትሮጥ፣ እርሱ በመድረኩ ጀርባ ዞሮ ወደ ቀኝ አለፈ። ወደ ቀኝ ስትመለስ የመውጫዋ ተራ ደረሰ። በሁለተኛው ክፍል ማብቂያ ላይ አገኘችው፤ ቁምሳጥኑን ከቃለ ሕይወት ጋር ተሸክሞ ነበር።

«ኪዳነ ወልድ፣ አንድ ቃል…»

«ከትርኢቱ በኋላ ይንገሩኝ» አላት ቀና ሳይል። «ይህ ዕቃ ከባድ ነው።»

«ርሆቦት! ቦታሽ!» አሉ እትዬ የሺአረግ። በኮሜዲ ውስጥ ሁሉም ሰው ሁሉንም የሚያጣው እንዲህ ነው፤ ርሆቦት ግን በዚያች ሰዓት የሚያስቅ ነገር አልታያትም።

*

በመጨረሻው ክፍል የቁምሳጥኑ ብልሃት ይህ ነበር። ጀርባው ክፍት ነው። አፍቃሪው በፊት በር ይገባል፣ በጀርባ ይወጣል፣ ዞሮ በግራው በር ብቅ ሊል። እርሱ ሲወጣ ኪዳነ ወልድ በጀርባ ገብቶ በሩን ከውስጥ በገመድ ይይዛል። ነጋዴው ሁለት ጊዜ በሙሉ ኃይሉ ጎትቶ ያቅተዋል። በሦስተኛው ኪዳነ ወልድ ገመዱን ለቅቆ ይወጣል፤ በሩ ይከፈታል፤ ውስጡ ባዶ ነው።

ከዚያ በፊት ግን ደብዳቤው መቀደድ አለበት።

«ስጪኝ!» ብለው አንባረቁ ጋሽ ገድሉ፣ እጃቸውን ዘርግተው። «ያን ደብዳቤ አሁኑኑ ስጪኝ!»

በዚህ ጊዜ ርሆቦት እያለቀሰች መስጠት ነበረባት። ወረቀቱን በሁለት እጆቿ ይዛ ወደ ደረቷ አስጠጋችው።

«አልሰጥም» አለች።

ጋሽ ገድሉ ዓይናቸው ፈጠጠ። «ምን አልሽ?» አሉ፤ ይህን ጥያቄ የጠየቁት ነጋዴው ሳይሆን ባጃጅ ነጂው ነበር።

«አልሰጥም አልሁ። ይህ ደብዳቤ አይቀደድም። ወደ ሳጥኑም አይመለስም።»

ከመጋረጃው ጀርባ የእትዬ የሺአረግ የዕቃ ዝርዝር ወረቀት መሬት ላይ ወደቀ። ጋሽ ገድሉ ግን ሃያ ዓመት ሙሉ በከተማው ተሳፋሪ ሲያመላልሱ የኖሩ ሰው ናቸው፤ መልስ አያጡም። «የምን ሳጥን?» አሉ ወደ ተመልካቹ ዞረው። «እዚህ ቤት ያለው ቁምሳጥን ነው!»

አዳራሹ በሳቅ ተናጠ። ርሆቦት ሳቁ ጋብ እስኪል ጠበቀች፤ እንዲህ ማድረግንም እትዬ የሺአረግ ናቸው ያስተማሯት። ከዚያም ፊቷን ከተመልካቹ መልሳ፣ ኪዳነ ወልድ ገመዱን ይዞ ወደቆመበት ቁምሳጥን አዞረች።

«ዐሥር ጊዜ የመለስሁት ሳላነበው ነው» አለች። ድምፅዋ ከፍ አላለም፤ ግን እስከ ኋላው መስኮት ደረሰ። «ዓይኔን ከመስኮቱ አልነቅልም ብዬ፣ ቃሌን በቃሌ አውቃለሁ ብዬ፣ አንድ ጊዜ እንኳ አላየሁትም። ናቅሁት እንዳይመስልህ። ዛሬ አነበብሁት። ለራሴ አስቀርቼዋለሁ።»

ሳቅ አልነበረም። ከኋላ አንድ ሕፃን ሲያስነጥስ ተሰማ።

ጋሽ ገድሉ ወደሚያውቁት ጨዋታ ተመለሱ፤ ወደ ቁምሳጥኑ ሮጠው እጀታውን ያዙ። መጀመሪያ ጎተቱ፤ በሩ ጸና። ሁለተኛ ጎተቱ፣ እንደ ልማዳቸው እግራቸውን ተክለው፣ በሙሉ ክብደታቸው።

በሩ ተከፈተ።

መከፈት አልነበረበትም። ጋሽ ገድሉ ከነካባቸው በጀርባቸው ተዘረሩ። በቁምሳጥኑ ውስጥ ኪዳነ ወልድ፣ በሰማያዊ የሥራ ልብሱ፣ እርሳሱን በጆሮው ላይ እንደ ሰካ፣ የለቀቀው ገመድ በእግሩ ሥር ወድቆ ቆሟል። የሚያየው ርሆቦትን ብቻ ነበር።

ጋሽ ገድሉ ከወለሉ ላይ በክንዳቸው ቀና አሉ። «አንተ ደግሞ» አሉ ትንፋሻቸው እየተቆራረጠ፣ «የማን አማች ነህ?»

ኪዳነ ወልድ ተዋናይ አልነበረም። የተጠየቀውን መለሰ።

«ገና አልሆንሁም» አለ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ሳቅ የባሕር ዳር ሰው ገና ብዙ ጊዜ ያነሣዋል። ሰው በሰው ላይ ወደቀ። በዚያው ቅጽበት ቃለ ሕይወት፣ ምንም ሳያውቅ፣ በተራው በግራው በር ዘው ብሎ ገባ፤ በቁምሳጥኑ ውስጥ ሌላ ሰው ሲያይ፣ «እኔስ?» ብሎ ጮኸ፤ አዳራሹም ዳግመኛ ተናወጠ። ርሆቦት በሳቁ መካከል ወደ ሦስተኛው ረድፍ ዓይኗን ሰረቅ አደረገች። አባቷ የጋቢያቸውን ጫፍ በአፋቸው ላይ አድርገው ጎንበስ ብለዋል፤ ትከሻቸው ይንቀጠቀጣል። ሳቅ ይሁን ሌላ፣ ከመድረክ ላይ ሆና መለየት አልቻለችም፤ ደስታዋም በዚያ ጥያቄ ላይ ተንጠልጥሎ ቀረ።

*

ትርኢቱ ሲያልቅ ፀሐይ ገና ከሐይቁ በላይ ከፍ ብላ ነበር። ርሆቦት መሪጌታን በሐይቁ ዳር ካለው ዋርካ ሥር ጃንጥላቸውን ተደግፈው ቆመው አገኘቻቸው። ከውኃው ላይ ከዘጌ የምትመለስ ጀልባ ድምፅ ይሰማል።

«ስለ ሳጥኑ የተናገርሽው በተውኔቱ ውስጥ አለ?» አሉ ሳይዞሩ።

«የለም አባዬ።»

«መቼም ፈረንጅ እንደዚያ አይጽፍም ብዬ ነበር።» እጃቸውን ዘረጉ። «አሳዪኝ።»

ለጋሽ ገድሉ የከለከለችውን ለአባቷ ሰጠች። መሪጌታ መነጽራቸውን አወጡ። ጽሕፈቱን ገና ሳያነቡት አወቁት፤ ፊደሉን እንዲህ አድርጎ መጣልን ያስተማሩት እርሳቸው ነበሩና። ከመሐል አንድ ቦታ ደርሰው ቆሙ። ከዚያ ወረቀቱን በነበረው እጥፋት አጣጥፈው ለርሆቦት መለሱላት።

«‹ቆይ› ይሉኛል ይላል» አሉ። «ሦስት ሕፃናት ሜዳ ላይ ቀርተው ‹ቆይ› እለው ነበር? ስንቁን እኔው ነበርሁ የምቋጥርለት።» መነጽራቸውን አወለቁ። «ሰባት ዓመት ሙሉ ንቆኝ የሄደ መስሎኝ… ጠርቼም አልጠየቅሁት።»

አባቷም ያላነበቡት ደብዳቤ ኖሯቸው ነበር።

ኪዳነ ወልድ አረንጓዴውን ሳጥን በትከሻው ተሸክሞ ከአዳራሹ ወጣ። ሲያያቸው እግሩ ተገታ። በዚህ ጊዜ መንገድ አልቀየረም፤ ሳጥኑን መሬት አስቀምጦ መጣና በመሪጌታ እግር ሥር ተንበረከከ።

«የኔታ» አለ።

«ነገ ትሄዳለህ አሉ።»

«ትኬት ቆርጫለሁ።»

«ለስንብት ነው የመጣኸው?»

«አዎን የኔታ። ሰባት ዓመት ዘግይቼ።»

መሪጌታ እጃቸውን በራሱ ላይ አኖሩ። በግእዝ ረጅም ምርቃት መረቁት፤ ርሆቦት ግማሹን ብቻ ሰማች፤ ግማሹን የውኃው ድምፅ ወሰደው።

«ይህ የያኔው ነው» አሉ ሲጨርሱ። «ያኔ የሚገባህ። የነገውን ግን አልሰጥህም።»

ኪዳነ ወልድ ቀና አለ።

«የቅኔ ቤቱ በር ከክረምት ወዲህ አልዘጋ ብሏል። ተማሪው በነፋስ አለቀ። ነገ መጥተህ እየው።»

«ነገ ሰኞ ነው፣ የኔታ።»

«ቀኑን አውቀዋለሁ፤ ኪዳነ ወልድ።»

ስሙን ጠሩት። ርሆቦት የዋርካውን ግንድ በእጇ ያዘች።

«ማለዳ እመጣለሁ» አለ ኪዳነ ወልድ። «አዲስ አበባ እደውልላቸዋለሁ። የሚጠብቁኝ ከሆነ ይጠብቁኛል።»

«ስለ ሌላው ነገር ደግሞ» አሉ መሪጌታ ጃንጥላቸውን ዘርግተው፣ «ሰው ሽማግሌ ይልካል እንጂ ቁምሳጥን ውስጥ ቆሞ አይመልስም።» ቀስ እያሉ ወደ ጋሽ ገድሉ ባጃጅ አመሩ። ትከሻቸው እንደገና ሲንቀጠቀጥ ታየ። በዚህ ጊዜ ሳቅ መሆኑን ርሆቦት አልተጠራጠረችም።

ሁለቱ ቀሩ።

«ጋሽ ገድሉ ወገቤን አሉ» አለ ኪዳነ ወልድ። «ሃምሳ ጊዜ የፈተንሁት በር ነበር። ዛሬ እጄ ከዳኝ።»

«ታዲያ አሁንም ‹እርስዎ› ልትለኝ ነው?»

ወደ ሐይቁ አየ፤ ከዚያ ወደ እርሷ። «አንቺ» አለ። ቃሉን ለመጀመሪያ ጊዜ እንደሚፈትን ሰው፣ ቀስ ብሎ ደገመው። «አንቺ።»

ከአዳራሹ ደጃፍ የእትዬ የሺአረግ ድምፅ ጮኸ። ዝርዝራቸውን ከፍ አድርገው ይዘዋል። «አንድ ዕቃ ጎድሏል! ደብዳቤው ካልተቀደደ ወዴት ሄደ? ሕጉን ያፈረሰው ማነው?»

ርሆቦት በሕይወቷ ሕግ አፍርሳ አታውቅም ነበር። ወረቀቱን በጠርዙ አጣጥፋ በመዳፏ ውስጥ ጨበጠችው፤ ሙቀቱ የእርሷ ይሁን የእርሱ አልለየችም።

«እኔ ነኝ!» አለች።